የማሲንቆ ሠሪው ቤት፦ የአጎቴን አሮጌ ቫዮሊን ደሴ ላይ ስላሳደስኩበት ሥራ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ በሩ ላይ ምንም ዓይነት ጽሑፍ የሌለው አንድ ጠባብ ቤት አለ። የሰፈሩ ሰው «የማሲንቆ ሠሪው ቤት» ስለሚለው እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ። ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ እዚያው ይሠራሉ፤ አንገቱ የተሰበረ ጊታርም ይጠገናል፤ ቫዮሊን ግን በዓመት አንድ ሁለት ቢመጣ ነው። የአጎቴን ቫዮሊን ለማሳደስ ከኮምቦልቻ እየተነሣሁ የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስድስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ። መሣሪያው እጄ ከገባ ግማሽ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ተጫውቼበታለሁ። ስለዚህ የቤቱን ሥራ ያለ መጀመሪያው ቀን ደስታና ያለ ቀጠሮው መጓተት ብስጭት መመዘን የምችልበት ጊዜ አሁን ይመስለኛል።

ቫዮሊኑን አጎቴ አስመራ በመምህርነት ሲሠራ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያናዊ የገዛው ነው። ወደ ደሴ ሲዛወር ይዞት መጣ፤ በሠርግና በትምህርት ቤት በዓላት ተጫወተበት፤ ካረፈ በኋላ ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሞ ኖረ። ሣጥኑን ስከፍተው ፊቱ በቀኝ በኩል ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ድምፅ ቀዳዳው ጫፍ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጀርባው ከጎኑ ጋር ከተጋጠመበት መስመር ላይ አራት ጣት ያህል ተላቋል። ከአራቱ ክሮች የቀረችው አንዷ ዝጋለች፤ ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበትን እንጨት የሚይዘው ገመድ ተበጥሶ በቦታው የኤሌክትሪክ ሽቦ ገብቷል፤ የደጋኑን ፀጉር ብል በልቶታል፤ መሣሪያውን ስነቀንቀው ደግሞ በሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል። አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ማን እንደሆነ የማይታወቅ አናጢ በነጭ ኮላና በስቱኮ ደፍኖታል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይኸኛው መሆኑ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ባለሙያው ስድሳውን ያለፉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ሲቀበሉኝ ዋጋ አልጠሩም፤ ምን እንዲሆንልኝ እንደምፈልግም አልጠየቁም። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፈው ቫዮሊኑን አጋደሙና በጣታቸው አንጓ ጠርዙን ዙሪያውን እያንኳኩ ጆሯቸውን አስጠጉ። በደንብ የተያያዘው ቦታ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ጋ ሲደርሱ ግን ድምፁ እንደተሰነጠቀ ጀበና ይሻክራል። በዚህ ዓይነት እኔ ያላየኋቸውን ሌሎች ሁለት ክፍተቶች አግኝተው በትናንሽ ወረቀት ምልክት አደረጉባቸው። ቀጥለው የጥርስ ሐኪም የሚይዛት ዓይነት ትንሽ መስታወት በአንደኛው የድምፅ ቀዳዳ አስገቡ፣ የስልካቸውን መብራት በሌላኛው አበሩ፣ ከዚያም «ነይ እይው» አሉኝ። ዕቃ ለማስጠገን በሄድኩባቸው ቤቶች ሁሉ የሚሠራውን ነገር ውስጡን እንዳይ የጋበዘኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ቤቱን ሳላመሰግን አላልፍም።

በመስታወቷ ውስጥ የታየው ነገር ለግምገማው ወሳኝ ሆነ። በቫዮሊን ፊት ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከወፍራሙ ክር አቅጣጫ፣ በቁመቱ የሚዘረጋ ወራጅ አለ። በጥንቃቄ በተሠራ መሣሪያ ይህ ወራጅ ለብቻው ተቀርፆ የሚለጠፍ ሲሆን፣ በአጎቴ ቫዮሊን ግን ፊቱ ሲፈለፈል እዚያው የተተወ እንጨት ነበር። ወገቡ ላይ ባሉት ሹል ማዕዘኖች ውስጥ መኖር የሚገባቸው ማጠናከሪያ እንጨቶችም አልነበሩም። ሁለቱም ምልክቶች አንድ ነገር ይናገራሉ፤ መሣሪያው በብዛትና በርካሽ ከተሠሩት ወገን ነው።

ውስጡ የተለጠፈችው ወረቀት ደግሞ ሌላ ነገር ትላለች። «አንቶኒዩስ ስትራዲቫሪዩስ ክሬሞኔንሲስ» ብላ ጀምራ፣ ዓመቱን 17 ብላ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ክፍት ትተዋለች። ቤተሰባችን ውስጥ ይህች ወረቀት በሹክሹክታ የምትነሣ ሀብት ነበረች፤ አንድ የአክስቴ ልጅ በልቡ ቤት ሠርቶባት እንደነበር አውቃለሁ። ባለሙያው ግን ወረቀቷን ካዩ በኋላ «እንዲህ ያለች ወረቀት አምስት ጊዜ አይቻለሁ፤ አምስቱም ስትራዲቫሪ ናቸው» ብለው ፈገግ አሉ። እውነታቸውን ነው። የክሬሞናው ስትራዲቫሪ በ1737 እ.ኤ.አ. የሞተ ሲሆን፣ ከእጁ ሥራዎች ዛሬ ድረስ የቆዩት 650 ገደማ ናቸው ይባላል፤ ስሙ የተለጠፈባቸው ቫዮሊኖች ግን ቁጥር ስፍር የላቸውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ በተለይ በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት በምትገኘው በማርክኖይኪርሸን ከተማና በዙሪያዋ፣ ቫዮሊን የሚሠራው በየቤቱ ተከፋፍሎ ነበር። አንዱ ቤተሰብ አንገት ብቻ ይቀርፃል፣ ሌላው ፊትና ጀርባ ይፈለፍላል፣ ነጋዴው ሰብስቦ ያስገጣጥምና የታላቁን ሠሪ ስም ለጥፎ ወደ ውጭ ይልካል። ስሙ የሚለጠፈው የማንን ቅርፅ እንደተከተሉ ለማመልከትም ስለነበር ሁሉንም አጭበርባሪ ማለት አይቻልም። ከወረቀቷ ግርጌ፣ አቧራው ሲጠረግ የታየው «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚለው ደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ ጉዳዩን ይቋጨዋል፤ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት ያስገደደው የቀረጥ ሕግ የወጣው በ1890 እ.ኤ.አ. ነውና እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ያለበት ቫዮሊን የስትራዲቫሪን ዘመን ቀርቶ የልጅ ልጆቹንም ዘመን አላየም።

ዋጋውን በተመለከተ ባለሙያው «እኔ ገማች አይደለሁም» ብለው ጀመሩ፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የተናገሩት ብዙ ገማች ነኝ ባይ ከሚለው የተሻለ ነበር። «ለመሸጥ ከሆነ አታሳድሺው፤ ወጪው ዋጋውን ይበላዋል። ለመጫወት ከሆነ ግን የፊቱ እንጨት ጥሩ ነው፤ ይናገራል።» እንዲህ ያሉ የሳክሶኒ ቫዮሊኖች በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ አንድ ሁለት ሺህ ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ይሸጣሉ፤ የተሰነጠቀ ፊት ደግሞ ዋጋውን የበለጠ ያወርደዋል። ሥራ ሊያገኝ የሚፈልግ ሰው ደንበኛውን በወረቀቷ ተስፋ አሞቆ ብዙ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችል ነበር። እርሳቸው ሥራውን ሊያሳጣቸው የሚችለውን እውነት አስቀድመው ነገሩኝ፤ እኔም ቫዮሊኑን እዚያው ጥዬ የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ተከራክረናል። ቫዮሊኑ እንደ አዲስ እንዲያብለጨልጭ ፈልጌ ነበር። የግራ እጅ የሚያርፍበት ትከሻው ቀለሙ አልቆ ራቁቱን እንጨት ያሳያል፤ አገጭ የሚነካው ቦታም እንዲሁ፤ ክሮቹን ከፊቱ ላይ ከፍ አድርጎ በሚይዘው ድልድይ ዙሪያ ደግሞ የደጋኑ ፀጉር የሚቀባው ሙጫና አቧራ ለዓመታት ተጋግሮ ጠቁሯል። ሁሉም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በአዲስ ቬርኒሽ እንዲቀባ ስጠይቅ «አብሽሪ፣ ልጄ፤ ይኸ የተበላሸ አይደለም፣ የተሠራበት ነው» አሉኝ። ነገሩን ሲያስረዱኝ ሁለት ምክንያት አቀረቡ። የቫዮሊን ፊት ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ ላይ መፋቅ ከድምፁ ላይ መፋቅ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ቀለም አንዴ ከተነሣ በኋላ የማንም እጅ አይመልሰውም፤ የሚያውቅ ገዢ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየውም እርሱን ነው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ተስማማሁ። በመጨረሻ ያደረጉት የተጋገረውን ጥቁር ነገር በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ በትዕግሥት ማንሣትና ስንጥቁ የተዘጋበትን መስመር ብቻ በቀጭን ብሩሽ ማመሳሰል ነው። ዛሬ መብራት ሥር ስይዘው ትከሻው ላይ ያለውን የአጎቴን እጅ ቅርፅ አያለሁ፤ ያን ቀን ተሸንፌ መመለሴን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ።

የጥገናው ዋናው ክፍል በሙጫ ላይ የቆመ ነው። ቤቱ ለማሲንቆና ለከበሮ ከሚወጠረው ቆዳ የተረፈውን ቁርጥራጭ ቀቅሎ የራሱን ሙጫ ይሠራል። ሙጫው በጣሳ ሆኖ በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይሞቃል፤ ሽታው የሚወደድ አይደለም። ቫዮሊን ሠሪዎች ለዘመናት የተጠቀሙት ይህንኑ የቆዳ ሙጫ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ መሣሪያው እንጨቱ ሳይጎዳ ተከፍቶ እንደገና ሊዘጋ ይችላል። ባለሙያው ፊቱን ሲያነሡ ስል ያልሆነ ቀጭን ቢላ በሙቅ ውሃ እያራሱ በመጋጠሚያው ውስጥ ጥቂት በጥቂት አንሸራተቱት፤ ሙጫው «ጠቅ» እያለ ይለቅ ነበር። አናጢው በነጭ ኮላ የደፈነው አንገት ጋ ሲደርሱ ግን ቢላው ቆመ። ኮላው በውሃ አልለቀቀም፤ ሙሉ ከሰዓት በመሮ ጫፍ እየጫሩ አነሡት፣ ከእንጨቱም ጥቂት ይዞ ወጣ። በሥራው ሁሉ ሲበሳጩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስንጥቁ ተጸድቶ፣ በሙጫ ተሞልቶ፣ ከሁለት በኩል ተጫኖ ከደረቀ በኋላ በውስጥ በኩል ጥፍር የሚያካክሉ አምስት ስስ የእንጨት ጠገኖች ተለጠፉበት፤ የጠገኖቹ ጭረት የስንጥቁን መስመር እንዲያቋርጥ ተደርጓል። እንጨቱ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ከተሰበረ ጊታር ፊት የተረፈ መሆኑን ነገሩኝ፤ ሁለቱም ስፕሩስ ከሚባለው የፈረንጅ ዛፍ የሚሠሩ በመሆናቸው ምርጫው ትክክል ነው። አሁን ስንጥቁን በጣቴ ስዳስስ አይሰማኝም፤ በዓይን ግን ለሚፈልገው ይታያል።

በሆዱ ውስጥ ይንኳኳ የነበረው ነገር ምሰሶው ነበር። ከፊቱ እስከ ጀርባው የሚቆም፣ ስድስት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክብ እንጨት ነው፤ በሙጫ አይያዝም፣ ተወጥሮ ብቻ ይቆማል፤ የድልድዩን ንዝረት ወደ ጀርባ ያስተላልፋል፣ ፊቱንም ከክሮቹ ጫና ይደግፋል። ጣሊያኖችም ፈረንሳዮችም በየቋንቋቸው «ነፍስ» ነው የሚሉት። አሮጌው አጥሮ ስለነበር አዲስ ተሠራ። ይህንን የተመለከትኩት በአምስተኛው ጉዞዬ ሲሆን፣ ከሁሉ የማልረሳው ሰዓትም እርሱ ነው። ባለሙያው ከብስክሌት ጎማ ሽቦ በራሳቸው ባጣመሟት መሣሪያ ምሰሶውን በድምፅ ቀዳዳው አሳልፈው ከድልድዩ የቀኝ እግር ጀርባ፣ የራሱን ውፍረት ያህል ራቅ አድርገው አቆሙት። «ሳቢው» አሉኝ፤ ደጋኑን በባዶ ክር ላይ ሳብኩት። ድምፁ ከአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት ነበር። ምሰሶውን በዓይን ለማይታይ ያህል ወደ ውጭ ገፋ አደረጉት። «እንደገና።» ወፍራሙ ክር ተከፈተ፣ ቀጭኑ ግን ጮኸ። ወደ ኋላ መለሱት። እንዲህ እያልን ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆየን፤ ከበሮ ሊቀበል የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ አራቱም ክሮች በእኩል ተናገሩ፤ ሽቦዋን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጉ።

ድልድዩ ላይ ግን መጀመሪያ ተሳስተዋል። እርሳቸው «ብርኩማ» ነው የሚሉት፣ እንደ ክራሩ። የመጀመሪያውን ብርኩማ ራሱን ጠፍጣፋ አድርገው ስለቆረጡት ደጋኑ ሁለት ክር አንድ ላይ ይነካ ነበር፤ ለክራር የለመደ እጅ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ቅስቱ ከፍ ማለት እንዳለበት ስነግራቸው አልተከራከሩም፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ቆረጡ። የሁለተኛው ከፍታ ልክ ነው፤ በጣት ሰሌዳው ጫፍ ላይ ቀጭኑ ክር 3.5፣ ወፍራሙ 5.5 ሚሊሜትር ያህል ይነሣል። የጣት ሰሌዳው የክር ቦይ ወጥቶበት ስለነበር በመላጊያ ተስተካክሎ በመስታወት ስባሪ ተለሰለሰ። ያለቁት መቃኛዎች በወይራ እንጨት ተተኩ፤ እንዳይንሸራተቱም እንዳይጠብቁም ጠመኔና ደረቅ ሳሙና ተቀቡ። ክሮቹን ራሴ ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ፤ ቤቱ የቫዮሊን ክር አይዝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ደጋኑን ለዚህ ቤት እንዳትሰጡ። ፀጉር መተካት የዕለት ሥራቸው ነው ብዬ በሙሉ ልብ ትቼላቸው ነበር፤ ለማሲንቆ ደጋን ነውና። የቫዮሊን ደጋን ግን ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የፈረስ ጭራ ፀጉር እንደ ጥብጣብ ጠፍጥፎና እኩል ተወጥሮ ይፈልጋል፤ የእኔው ጥቁርና ሻካራ ፀጉር ታስሮበት፣ መሃሉ ወፍሮ፣ ዳርና ዳሩ ላልቶ መጣ። ዱላው ራሱ ወደ ጎን መጣመሙንም አልነገሩኝም፤ ምናልባት አላዩትም። የአጎቴ ደጋን አሁን ግድግዳ ላይ ነው፣ የምጫወተው በሌላ ነው። ሁለተኛው ቅሬታ ጊዜ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ «ለእንቁጣጣሽ ትወስጂዋለሽ» ተባልኩ፤ የወሰድኩት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ሰባት ሳምንት ለእንዲህ ያለ ሥራ የበዛ አይደለም፤ ሙጫም በክረምት፣ በደሴ ጉም ውስጥ፣ ቶሎ አይደርቅም። ቅር ያሰኘኝ ስልክ አለማንሣታቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ምን እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍም የለም። እኔ ግን እርሳቸው የነገሩኝን ሁሉ በደብተር ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ነገ የሚከፍተው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ።

ለሁሉም የከፈልኩት 8,000 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 1,000 ብሩ የደጋኑ ነበር። ለቀሪው 7,000 ዓይኔን አላሽም።

ድምፁን የመዘንኩት በለመድኩት መንገድ ነው፤ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ብዬ ከቃኘሁ በኋላ በአራቱ ቅኝቶቻችን ሄድኩበት። ትዝታ አሮጌ መሣሪያን ይሸፍናል፤ በዋናው ትዝታ ድምፆቹ ተራርቀው ስለሚቆሙ የደከመ ቫዮሊን እንኳ ያምርበታል። ፈተናው አምባሰልና አንቺሆዬ ነው፤ ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ጣት ሲንሸራተት መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ ካልተናገረ ቅኝቱ ይደፈርሳል። የአጎቴ ቫዮሊን በ«ላ» ክር ላይ አምባሰልን ጥርት አድርጎ ይዟል፤ መሃለኛው ድምፁ ሞቅ ያለና ትንሽ ጥላ ያለበት ነው። ባቲን ከፍ አድርጌ በቀጭኑ ክር ስጫወት ግን ድምፁ ስል ይሆናል፣ ያስጨንቃልም። ወፍራሙ «ሶል» የታፈነ ነው፤ ይህ በከፊል ከፊቱ ጋር አብሮ የተፈለፈለው ወራጅ ጠባይ ይመስለኛል፤ ባለሙያውም አዲስ ወራጅ ማስገባት እንደሚቻል፣ ነገር ግን ለዚህ መሣሪያ ወጪው እንደማይገባ ነግረውኛል። እስማማለሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ለሰው ጃኬት ማውለቅ ነው፤ ለቫዮሊን ግን ከባድ ነገር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው፤ በክረምት እርጥበት የተጣበቀ እንጨት ቆላውን ሲያገኝ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። መጀመሪያ መቃኛዎቹ መንሸራተት ጀመሩ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጀርባው ከጎኑ ጋር ከሚጋጠምበት አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጣት ያህል ተከፈተ። ይዤው ስወጣ ተቆጥቼ ነበር። ባለሙያው ግን ሲያዩት ደስ ያላቸው መሰሉ፤ «ሙጫው ለቀቀ እንጂ እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ ሙጫውን ያቀጠንኩት ለዚህ ነው» አሉኝ። ቡና እስክጠጣ ዘግተው በሞርሳ አስረውት ጠበቁኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉም። በዚያው ዓይነት ደረቅ ወራት ግማሽ ሎሚ የሚያህል እርጥብ ስፖንጅ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ አድርጌ ሣጥኑ ውስጥ እንዳስቀምጥ መከሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

መሄድ ለሚፈልግ፦ ሰኞ ገበያው ስለሚጨናነቅ ሌላ ቀን ምረጡ፤ ክርና አዲስ ብርኩማ የሚሆን እንጨት ይዛችሁ ሂዱ፤ ውስጡን በመስታወት እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ ደጋኑን ቤት ተዉት።